«በእሴትህ ወስን» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ በቦታው የሌለው ሰውስ?

«በእሴትህ ወስን» የሚለውን ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ አንዷ እህቴ ናት፤ ሦስተኛው ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጁ ከሥሩ «ቲቸር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ጽፎበታል። በስልክ ልመልስለት ጀምሬ ነበር፤ ነገሩ ሰፋብኝና ቁጭ ብዬ መጻፍ ያዝኩ።

ላላነበበው ሰው፣ ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። በየዕለቱ የሚገጥሙን የሞራል ጥያቄዎች ሕግ የማይገባባቸው የግል ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ሦስት ወይም አራት ዋና ዋና እሴቶቹን ለይቶ በወረቀት ያስፍር፤ ሲቸገር ወረቀቱን አውጥቶ ይመልከት፤ ለእሴቱ ታምኖ እስከወሰነ ድረስ ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ከዚያ ጸሐፊው ምሳሌ ይደረድራሉ፤ የታክሲ ትርፍ መልስ፣ የባንክ ገንዘብ፣ ይሉኝታ፣ በፈተና መረዳዳት፣ ሕመምና መርዶ መደበቅ። መሃል ላይ ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን በምስክርነት ይጠራሉ።

ጽሑፉ በቅን ልብ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ሰው ራሱን ደጋግሞ እንዲመረምር መምከራቸውንም እወዳለሁ። ነገር ግን በየምሳሌው አንድ ሰው ጥለው አልፈዋል፤ እሱም ውሳኔው ሲወሰን በቦታው ያልነበረው፣ ዕዳው ግን የሚደርስበት ሰው ነው። ምላሼ ሁሉ ስለ እሱ ነው።

«ትርፍ መልስ የኪስ ጉዳይ ነው»

ምሳሌያቸው እንዲህ ነው። አንድ አባወራ ታክሲ ውስጥ 100 ብር ይሰጣል፤ ረዳቱ ግርግር ላይ ሆኖ የ200 ብር መልስ ይመልስለታል። «እሴቱ ሐቀኝነት ከሆነ ይመልስ፤ እሴቱ ቤተሰብ ከሆነ ለልጆቹ ዳቦ ይግዛበት። በሁለቱም ለራሱ እውነተኛ ሆኗል» ይላሉ።

በሚኒባስ የሚመላለስ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። ሹፌሩና ረዳቱ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ባለቤቶች አይደሉም። ለባለቤቱ የሚያስረክቡት የተቆረጠ የቀን ገቢ አለ፤ መንገድ ቢዘጋም፣ ዝናብ ቢጥልም እሱ አይቀርም። ነዳጁም ከእነሱ ነው። ሁለቱ የሚካፈሉት ከዚህ ሁሉ የተረፈውን ነው። አንድ ምሽት በመጨረሻው ጉዞ ጋቢና ተቀምጬ ያየሁትን አልረሳውም። ረዳቱ ቢበዛ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። በቁመታቸው አጥፎ በጣቶቹ መሃል የሰካቸውን ብሮች እየፈታ ቆጠረ፤ ጨርሶ እንደገና ቆጠረ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀው። «መቶ ብር ጎደለ» አለ ልጁ። ሹፌሩ አልጮኸበትም፤ «እንግዲህ ካንተ ናት» ብቻ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ሲጣራ የዋለው የልጁ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ ብሮቹን መልሶ አጠፋቸውና መስኮት መስኮቱን ያይ ጀመር።

ጸሐፊው የሳሉት አባወራ ወረቀቱን አውጥቶ «ቤተሰብ» የሚለውን ያነባል። ረዳቱም ቤተሰብ ይኖረዋል፤ እሱ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። የእኔ እሴቶች የሚያሳዩኝ እኔን፣ ልጆቼን፣ አጠገቤ ያለውን ሰው ነው። ማታ ሞተር ጠፍቶ ጉድለቱ የሚቆጠርበትን ልጅ አያሳዩኝም። እሱን ለማየት ከወረቀቱ ቀና ማለት አለብኝ፤ ይህ ደግሞ ከኪሴ ወጥቶ የእሱ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

«የባንክ ገንዘብ ባለቤት የለውም»

ቀጥለው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጉዳይ ያነሣሉ። እንደሚታወሰው መጋቢት 7 ቀን 2016 ሌሊት በሲስተም ችግር ምክንያት ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ መልእክት በየዩኒቨርሲቲው ተዛመተ፤ ተማሪዎች በውድቅት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ገለጸ፤ ፈቅደው የመለሱ እንደማይከሰሱ አስታወቀ፤ ያልመለሱትን ደግሞ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን አወጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ «ስህተቱ የባንኩ ነው። የወሰደው ለኑሮው ታመነ፣ የመለሰው ለሐቀኝነቱ ታመነ። መፍረድ የእኛ ድርሻ አይደለም» ይላሉ።

ባለቤት የለውም የተባለው ገንዘብ በወቅቱ ከ38 ሚሊዮን በላይ ሂሳብ የተከፈተበት፣ የመንግሥት የሆነ ባንክ ገንዘብ ነው። ከእነዚህ ሂሳቦች አንዱ የጡረተኛ ነው፤ አንዱ የሰፈራችን እድር ነው። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እኔ ስለሆንኩ የዚያን ሰሞን አባላቱ እየደጋገሙ «የእኛስ አለ?» ሲሉኝ ከርመዋል። ባለቤት የሌለው የሚመስለን ባለቤቱ ብዙ ስለሆነና አንዱንም በመልክ ስለማናውቀው ነው።

ከዚህ የበለጠ ግን መናገር የምፈልገው ስለ ሰልፉ ነው። ጽሑፉን የላከልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ያን ሌሊት እዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበር። ይህን የምጽፈው እሱ ፈቅዶልኝ ነው። አሥረኛ ክፍል እያለ ስታፍ ውስጥ ረስቼው የሄድኩትን ስልክ ሁለት ፌርማታ ተከትሎኝ መጥቶ የሰጠኝ ልጅ ነው። እሴትህን ጻፍ ቢባል «ሐቀኝነት» ብሎ እንደሚጀምር አልጠራጠርም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ አንድ ልጅ በኮሪደሩ እየሮጠ ዶርሙን ሁሉ ቀሰቀሰ፤ ስድስት ሆነው ወጡ። «ወረፋዬ ሲቃረብ መመለስ ፈልጌ ነበር» አለኝ። «ግን ቲቸር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ወጥቼ መሄድ አፈርኩ።» አምስት ሺህ ብር አወጣ። ስድስት መቶውን ሲያጠፋ አደረ፤ በቀጣዩ ሳምንት ጎዶሎውን ከጓደኛው ተበድሮ ሞልቶ መለሰ።

ሐቀኛ ለመሆን ያፈረው ሐቀኛ ልጅ ነው። ይህን ሳስብ የወረቀቱ ሐሳብ እጄ ላይ ይበተንብኛል። ጸሐፊው እሴት ቀድሞ ውስጣችን ተቀምጦ ውሳኔ የሚወልድ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔ በሠላሳ ዓመት የማስተማር ሥራዬ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሹን ነው። ሰው ከቆመበት ሰልፍ ጋር ይወስናል፤ ከዚያ ለወሰነው ስም ይፈልግለታል፤ ያ ስም ሲደጋገም እሴት ይባላል። በዚያ ሌሊት «ለኑሮዬ ታመንኩ» ብሎ የተሰለፈ አልነበረም። ስሙ የወጣው ሲነጋ ነው።

ስለ ይሉኝታ

እዚህ ጸሐፊው ብዙ እውነት አላቸው። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እድር ውስጥ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። ባሏን ቀብራ በአርባው «ለሰው ምን አበላሁ» ብላ ወለድ አስይዛ የተበደረች፣ ዕዳውን ሦስት ዓመት የከፈለች እናት አውቃለሁ። እንዳትበደር ለመንናት፤ አልሆነም። እንዲህ ያለው ቢቀር ማንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ልጁን ሰልፉ ውስጥ ያስቀረውም ይሉኝታ ነው፤ ኋላ ላይ ስማቸው ሲለጠፍ ገንዘቡን ይዘው ወደ ባንክ የሮጡትን ያስሮጠውም እሱው ነው። ስለዚህ ጨርሶ ይጥፋ ወይስ ይኑር የሚለው ክርክር ብዙ አያስኬድም። የሚጠቅመን ማን እንዲያየን እንደምንፈራ ማወቅ ነው። አማርኛችን ደግሞ ማንም ባያይም የሚያስር ሌላ ቃል አለው፤ አደራ። ሰው በሌለበት፣ ምስክር በሌለበት፣ ሰጪው ሩቅ ሆኖ ወይም ሞቶ እንኳ የሚይዝ ነገር ነው። «አደራ በላ» የተባለ ሰው ልጆቹ ሳይቀሩ አንገታቸውን ይደፋሉ። ጸሐፊው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ይህን ቃል አንድ ጊዜም አላነሡትም። እኔ የጎደለው ሰው የምለው የሚገኘው እዚህ ቃል ውስጥ ነው።

«በፈተና መረዳዳት ርኅራኄ ነው»

ይህ ነጥብ እኔንም ይነካኛል፤ ስለዚህ ከራሴ እጀምራለሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ብዙ ዓመት ፈታኝ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንድ ዓመት ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ አባቷ ከሞተ ሁለት ወር አልሞላውም ነበር። ጥቁር ሻሽ አስራለች። እርሳሱን ይዛ ወረቀቱን ትመለከታለች፤ አታጠቁርም። ኋላ አንገቷ ወደ ጎን ዞረ። አየኋት። ወደ መስኮቱ ሄድኩና ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ ርኅራኄ ያደረግኩ ነው የመሰለኝ፤ ቤቴም ገብቼ ለባለቤቴ በኩራት ነገርኳት። ጸሐፊው ቢያዩኝ «ለእሴትህ ታመንክ» ባሉኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ግን የሚቀበለው ቁጥር አለው። አንዱ ሲገባ አንዱ ይቀራል። በዚያው ዓመት ሌላ ተማሪዬ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ከእናቱ ጋር እንጨት እየሸጠ፣ ማታ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ፣ በሁለት ነጥብ ቀረ። የእሱን ቦታ የወሰደችው እሷ ናት አልልም፤ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ግን በየክፍሉ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮት ላይ የቆመ እንደ እኔ ያለ ፈታኝ ስንት ነበር? እኛ የራራነው ከፊታችን ለተቀመጠው ነው። የእንጨት ሻጯ ልጅ በሌላ ክፍል ስለነበረ ርኅራኄያችን አልደረሰውም፤ እንዲያውም ከእሱ ላይ ነው የቀረጥነው።

በጥቅምት 2015 ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተወስዶ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። ጥፋቱ ሁሉ የኩረጃ ነው አልልም፤ ጦርነቱ አለ፣ በኮሮና የተዘጋው ትምህርት ቤት አለ፣ የእኛ የመምህራኑ ድክመት አለ። ሆኖም ልጆቹ የማያውቁትን እንዳያውቁት፣ ወላጅም መንግሥትም እንዳያይ ለዓመታት የሸፈነው መጋረጃ ስሙ መረዳዳት ነበር። መጋረጃው ሲነሣ ስታፍ ውስጥ ያለቀሱ መምህራን አይቻለሁ። «ስንረዳቸው የነበርን መስሎን ነበር» አለች አንዷ።

ሽማግሌዎቹም ሁልጊዜ ትክክለኛውን አላወረሱንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ስናስተላልፍ የኖርነው እኛው ነን። የሹመኛው ዘመድ ይህን ሰምቶ ሲያድግ እሴቱ ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይም «ለወገን መቆርቆር» ብሎ በሚያምር እጅ ጽሕፈት ሊያሰፍረው ይችላል። በጸሐፊው መለኪያ ይህን ሰው መውቀሻ የለንም። ይህ ብቻውን መለኪያው እንደማይሠራ ያሳያል።

ዘርዓ ያዕቆብ የማን ምስክር ነው?

ጸሐፊው በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀውን «ሐተታ» የተባለ መጽሐፍ ጠቅሰው «ከዘመናት በፊት ኢትዮጵያዊው ፈላስፋ እያንዳንዱ በራሱ ልቡና ይመራ ብሏል» ይላሉ። ሐተታውን በእርግጥ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጻፈው ወይስ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ የሚለው የምሁራን ክርክር 100 ዓመት አልፎታል፤ አሁን ለያዝነው ነገር አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን የሚለው ነገር ነው።

ሐተታው ልቡና የሚለው ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠውን ብርሃን ነው። የእኔ ልቡና፣ የአንተ ልቡና እየተባለ የሚከፋፈል አይደለም። ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ብርሃን የየሃይማኖቱን ሥርዓት ሲመረምር «ለእኔ አይመቸኝም» ብሎ አይደለም የሚተወው፤ ለማንም ልክ አይደለም ብሎ ነው የሚሞግተው። የሰው ልጅ ሁሉ እኩል ስለሆነ ሰው እንደ ከብት መሸጥ መለወጥ የለበትም ሲል በባሪያው ቦታ ሆኖ እያየ ነው። እንፍራንዝ ላይ በባለጸጋው በሀብቱ ቤት ሲኖር የቤቱን ገረድ ሂሩትን ለማግባት ጠየቀ። ጌታዋ እንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን ሲለው፣ ገረዴ አይደለችም፣ ሚስቴ ናት፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው አለ። ማንም ያንን እንዲል አልጠበቀበትም። የራሱን እሴት ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ሚስት በማግኘቱ ተደስቶ ዝም ማለት ይበቃው ነበር። እሱ ግን የእሷን ደረጃ አነሣ፤ እንዲህ ያለ ሰው ለጸሐፊው ሐሳብ ምስክር ሆኖ መቆሙ አይታየኝም።

«መርዶ የሚደብቅም ሕመም የሚደብቅም ውሸታም ነው»

እዚህ ሲደርሱ ጸሐፊው ይጠነክራሉ። «እውነት እሴቱ የሆነ ሰው ሳይውል ሳያድር ይናገራል። ሞትን የሚደብቅ ማኅበረሰብ የሚዋሽ ማኅበረሰብ ነው» ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰራቸው ትልቅ ስህተት ነው።

ወንድሟ ክፍለ ሀገር የሞተባት ሴት እንውሰድ። ወሬው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል። ጎረቤቱ ሮጦ አይነግራትም። ለዘመድ ይደውላል፤ ለእድር ዳኛው ያሳውቃል፤ የምትወዳቸውን፣ የነፍስ አባቷን ይጠራል። እሷ እራቷን በልታ ትተኛለች። ጎህ ሲቀድ በሯ ይንኳኳል፤ ስትከፍት ደጁ ነጠላቸውን ባዘቀዘቁ ሰዎች ሞልቷል። ማንም ሳይናገር ይገባታል። ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ሥርዓት ይዘውት ሄደዋል፤ ከአዲስ አበባ ሲደወልላቸው ተጠራርተው፣ ቡናውንና ቁርሱን ይዘው በማለዳ ነው የሚያንኳኩት። የተደበቀው ለአንድ ሌሊት ነው፤ የተደበቀውም ለእሷ ሲባል ነው። ይህን ውሸት ማለት አልችልም።

ሕመም መደበቅ ሌላ ነው። ይህን የማውቀው ከቤታችን ነው።

የአክስቴ ልጅ ኩዌት ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ደመወዟን ለአምስት ዓመት የላከችው በእኔ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ነው። «ጋሼ፣ አደራ፣ ቤት ልሠራበት ነው፤ ለማንም እንዳትሰጥ» ብላኛለች። አክስቴ በሰኔ ታመመች። ሐኪሙ ታላቁን ወንድ ልጅ ውጭ ጠርቶ ካንሰር መሆኑን፣ መስፋፋቱንም ነገረው። ልጆቹ ማታ ተሰብስበው ወሰኑ፤ እናት አትወቅ፣ ኩዌት ያለችውም አትወቅ። እሷ ብትሰማ መምጣት አትችልም፤ ኮንትራቷ አላለቀም፣ ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነው። በሰው አገር ብቻዋን ከምታብድ አለማወቋ ይሻላታል አሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ሁሉም እያለቀሱ ነው የተናገሩት።

ከዚያ የመድኃኒቱ ወጪ መጣ። ታላቁ ልጅ ወደ እኔ መጥቶ «ከእሷ ገንዘብ እናውጣ፤ ለእናቷ አይደል እንዴ? ብትጠየቅ እሺ ትላለች» አለኝ። እሺ እንደምትል እኔም አልተጠራጠርኩም። ግን እሺ ማለት የእሷ ነው። ለእናቷ ገንዘቧን የመስጠትን ነገር ወስደን እኛ ብንሰጥላት፣ ከገንዘቡ ይልቅ እሱን ነው የበላንባት። ይህን ሳወጣ ሳወርድ ግን እኔም ጊዜ ፈጀሁ። ዓርብ ዓርብ ዕረፍቷ ስለሆነ ትደውላለች። «እማዬን አቅርቡልኝ፤ ድምፅዋ ምን ሆነ?» ትላለች። «ጉንፋን ነው» እንላታለን። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ «ጉንፋን ነው» ብያታለሁ።

በጸሐፊው ዘዴ ብሄድ ኖሮ ወረቀቴ ላይ ፍቅርም ነበረ፣ እውነትም ነበረ፣ ቤተሰብም ነበረ፤ የፈለግኩትን መምዘዝ እችል ነበር። ያነቃኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ዓርብ ስልኩን ስንዘጋ ክፍሉን ዞር ብዬ አየሁት። ሁላችንም አለን፤ ሁላችንም እናውቃለን፤ እርስ በርስ እየተጽናናን ነው። የወሰንንባት ግን እዚያ የለችም። ከጭንቀት የጠበቅነውም እሷን ሳይሆን ራሳችንን ነበር፤ ያንን ለቅሶ በስልክ መስማት ፈርተን ነው።

መጀመሪያ አክስቴ ዘንድ ገባሁ። አልነገርኳትም፤ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ ልጆችሽ ይያዙት?» ቆየችና «ስሙን አልፈልገውም። እነሱ ይያዙት» አለችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና «ኩዌት ያለችዋ ግን ትወቀው። እሷ እንደነዚህ በሩን ከፍታ አትገባም» አለች።

ጸሐፊው ይህን እንዲያስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። አክስቴ የሕመሟን ስም ሳትሰማ ነው የቀረችው፤ ይህ ውሸት አይደለም፣ ፈቃዷ ነው። «እውነት እሴቴ ነው» ብዬ ስሙን አፍ አውጥቼ ብነግራት ለእሴቴ ታምኜ እሷን በበደልኩ ነበር። ለልጇ ዝም ብልም በሌላ በኩል እንዲሁ። በዚያው ቤት፣ በዚያው ቀን፣ ለአንዷ ዝም ማለት ለአንዷ መናገር ልክ ሆነ። ልዩነቱን ያወቅኩት ወረቀት አይቼ ሳይሆን የጉዳዩን ባለቤት ጠይቄ ነው።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ደወለች። ወደ ውጭ ወጥቼ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም፤ ልጆች ሲጫወቱ፣ የሚንኳኳ ሳህን ይሰማል። ከዚያ «ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከሰኔ።»

«አሁንኮ ነሐሴ ነው» አለች።

ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ገንዘቡን እንዳልነካሁት ነገርኳት። «ሁሉንም አውጣው» አለች፤ «ቤቱ ይቅር።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉንፋን የሚባል ነገር ቀረ። ሌሊት ሌሊት አሠሪዎቿ ሲተኙ ትደውላለች፤ እናትና ልጅ ስለ ሰው ሠርግ፣ ስለ ጎረቤት ላም፣ ስለ ልጅነቷ ሲያወሩ ያነጋሉ።

አክስቴ በኅዳር ዐረፈች። የዚያን ሌሊት ስልኩ እስኪነጋ አልተዘጋም፤ ታናሽየው ልጅ ትራሷ አጠገብ አስደግፎት ነበር። ኩዌት ያለችው ምንም አልተናገረችም፤ የእናቷን ትንፋሽ ከእኛ ጋር እኩል ነበር የምትሰማው። ሲነጋ ከእሷ ጋር የሚሠሩትን ሴቶች ፈልጎ መርዶ የሚያስነግር ሰው አላስፈለገንም።